የግራዝማች አስናቀ ካራ

ኅዳር ዘጠኝ ቀን ጠዋት፣ በጎሹ አምባ ሚካኤል ዕቃ ቤት ውስጥ፣ መሪጌታ ፍሥሐ የግራዝማች አስናቀን ካራ ከአፎቱ መዘዙና ክው ብለው ቀሩ።

ካራው በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ፣ በኅዳርና በሰኔ ሚካኤል፣ ከሣጥኑ ወጥቶ ለሕዝብ ይታያል። ከሃምሳ ዓመት በፊት ግራዝማች አስናቀ የሚባሉ አዳኝ በበሸሎ ቆላ ሰው የፈጀ ነብር ገድለውበት ሲመለሱ ለሚካኤል በስእለት የሰጡት ነው። እጀታው በብር የተለበጠ የጎሽ ቀንድ ነው። መሪጌታ ከየበዓሉ በፊት ስለቱን በቅቤ ያሹታል፤ ሠላሳ ዓመት አሽተውታል። ጫፉ አጠገብ የነብሩ አጥንት የሸረፋት፣ የስንዴ ፍሬ የምታህል ቦታ አለች። ጨርቃቸውን ሁልጊዜ እሷ ያዝ ታደርገዋለች።

ዛሬም ያዝ አደረገችው። ግን ሽራፊዋ ውስጧ ነጭ ነው፤ ያብለጨልጫል።

«ደምሌ!» ብለው ጥበቃውን ጠሩ። «ና እስቲ እይልኝ። የሃምሳ ዓመት ሽራፊ እንዲህ ያበራል?»

ደምሌ ጠመንጃውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ገባ። አየ። አማተበ።

«አባቴ፣ ይህ የእኛ ካራ አይደለም።»

ሣጥኑ አልተሰበረም። በሩም አልተሰበረም። የዕቃ ቤቱ በር ቁልፍ ደግሞ ከደምሌ ወገብ ወርዶ አያውቅም። ቀትር ሳይሆን ደምሌ ታሰረ።

*

ኢንስፔክተር በላይነህ በማግስቱ ከደብረ ታቦር ተልኮ መጣ። «የአገሩ ልጅ ነህ፤ ሰዉ ላንተ ይናገራል» ነበር አለቆቹ ያሉት። የአገሩ ልጅስ ነው። ግን እናቱን ከቀበረ ወዲህ የተወለደበትን ወገዳን ሲረግጥ በአሥራ አንድ ዓመቱ ነው።

ከመካነ ኢየሱስ ወዲህ ያለው ኮረኮንች መኪናውን ሲያንገጫግጨው መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ወደ ውጭ ያይ ነበር። የገብስ ነዶ በየአውድማው ተከምሯል። በሬዎቹ እህሉ ላይ ይዞራሉ፤ ከኋላቸው የሚያዜመው ሰው ድምፅ እስከ መንገዱ ይደርሳል። ዜማው ያው ዜማ ነው። ተማሪ ሳለ የእነሱን መንደር ከእንቅልፍ የሚቀሰቅሰው ዶሮ ሳይሆን የባለ እጅ ብርሃኔ መዶሻ እንደነበር ትዝ አለው። ሁለት ከባድ፣ አንድ ቀላል። ሁለት ከባድ፣ አንድ ቀላል። እናቱ «ቀጥቃጩ ተነሣ፤ አንተስ?» ትለው ነበር።

ዕቃ ቤቱ ደጃፍ ላይ መሪጌታና የሰበካ ጉባኤው ሊቀ መንበር አቶ ይበልጣል ጠበቁት። ይበልጣል የግራዝማች የበኩር ልጅ ነው፤ ወደ ስድሳው የተጠጋ፣ ትከሻው ሰፊ፣ በሄደበት ሰው የሚነሣለት ሰው።

«የሣጥኑ ቁልፍ የት ነው የሚቀመጥ?» አለ በላይነህ።

«እኛ ቤት። ከእናቴ ራስጌ ተሰቅሎ» አለ ይበልጣል። «አባቴ እንዲያ ነው ያዘዘ። ከዚያ ቤት ሌባ አይወጣም፤ ወደዚያ አትድከም።»

«እንግዲያ በምን ተከፈተ?»

«ቁልፉን ማን ሠራው? ባለ እጅ ብርሃኔ! የአባት ሥራ ለልጅ ይጠፋዋል? ይርዳው አንድ ቁልፍ ቀጥቅጦ ማውጣት ይሳነዋል? በዚህ አገር ብረት የሚቀጠቅጥ ሌላ ማን አለ? ደምሌ በሩን ከፈተለት፤ እሱ ካራውን ለወጠ። ይኸው ነው።»

«ወስዶስ ምን ያደርገዋል?»

«እነሱ ለምን እንደሚያደርጉ አንተ ታጣዋለህ? እዚሁ ያደግህ ሰው አይደለህም?» አለ ይበልጣል ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ዓይናቸው ያረፈበት ነገር አይበረክትም።»

መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። «ይበልጣል፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ነው ያለን።»

በላይነህ ካራውን በጨርቅ ይዞ ወደ ፀሐይ ወጣ። ይህን ካራ ያውቀዋል። የኅዳር ሚካኤል ዕለት ከእናቱ ጋር ሕዝቡ መሐል ቆሞ፣ ጎበዛዝቱ እየዘለሉ ሲፎክሩ ሰምቷል፦

«ጥይት አለቀብኝ ብሎ የማይሸሸው፣
የበሸሎን ነብር በካራ ጎበኘው!»

ያኔ ሰውነቱን ይወርረው ነበር። አሁንም ወረረው። በሥራ ላይ እንዳለ ራሱን አስታውሶ ወደ መሪጌታ ዞረ።

«ይህን ካራ ተመኝቶት የሚያውቅ ሰው አለ?»

«አንድ አለ» አሉ መሪጌታ። «የጥንት ዕቃ የሚሰበስብ፣ መሐሪ የሚባል የመካነ ኢየሱስ ሰው። በሰኔ መጥቶ በስልኩ ፎቶ ሲያነሳው ዋለ። 'ሽጡልኝ' ብሎ ይበልጣልን እግሩ ላይ ሊወድቅ ምንም አልቀረው።»

«ቀጥቃጩን ትተህ ወዴት ትሄዳለህ?» አለ ይበልጣል።

«ቀጥቃጩንም አልተውኩትም» አለ በላይነህ።

*

የይርዳው ቤት ከወንዙ ማዶ፣ ከመንደሩ ተነጥሎ ለብቻው ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን በአጨዳ ወራት ማጭድ የሚያስሞርድ ገበሬ ደጁ ላይ ቁጢጥ ብሎ ይውላል። ያን ቀን ግን ዝር ያለ ሰው የለም። በሩ ፊት ለፊት የተወረወሩ ድንጋዮች ተበትነዋል፤ የጣራው ሣር በሁለት ቦታ ተበስቷል።

ይርዳው ውስጥ ነበር። ምድጃው ፊት ተቀምጦ ሁለቱን የወናፍ ስልቻዎች በሁለት እጁ እያፈራረቀ ይነፋል። ከሰሉ ሲቀላ ወናፉን ጥሎ ይነሣል፤ በጉጠት ማረሻውን ያወጣል፤ መቀጥቀጫው መስፍ ላይ አድርጎ ይመታዋል። ሦስት ጊዜ ሳይመታ ብረቱ ይጠቁራል። ተመልሶ ይቀመጣል፤ እንደገና ይነፋል። በላይነህ በሩን ተደግፎ ጥቂት አየው። ዕድሜያቸው እኩል ነው፤ ይርዳው ግን ጠጉሩ ጨርሶ ሸብቷል።

«እንዴት ዋልክ ይርዳው?»

ይርዳው ቀና አለ። ወዲያው ነው ያወቀው። «እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎስ ደኅና ነዎት?»

«እኔን አንቱ ትለኛለህ?»

«ማዕረግ አለዎት።»

በላይነህ ዝቅተኛ ዱካ ስቦ ተቀመጠ። «ቦጋለችስ? ሁሌ ወናፉን የምትነፋ እሷ አልነበረች?»

«ሐምሌ ላይ አረፈች።»

«አልሰማሁም። እግዚአብሔር ያጽናህ።»

«እንዴት ይሰማሉ? ለቀጥቃጭ ሚስት ጥሩምባ አይነፋም።»

ሁለቱ ሰባተኛ ክፍል አንድ ወንበር ላይ ነበር የሚቀመጡት። በሒሳብ ይርዳውን የሚያህል አልነበረም። አንድ ሰኞ ጠዋት ተማሪዎቹ «ከቡዳ አጠገብ የተቀመጠ ይበላል» ብለው ሲስቁ፣ በላይነህ ደብተሩን ሰብስቦ ሦስተኛው ረድፍ ሄዶ ተቀመጠ። ማንም አላስገደደውም። ይርዳው እስከ ዓርብ ብቻውን ተቀምጦ ተማረ፤ ከዚያ ወዲህ አልመጣም።

በላይነህ ካራውን ከጨርቁ ፈታ። «ይህን እይልኝ።»

ይርዳው እጁን በሽርጡ ጠራርጎ ተቀበለው። በጀርባው በኩል ወደ ዓይኑ አቅርቦ አየው፤ በጥፍሩ ጠቅ አድርጎ ድምፁን አዳመጠ።

«የመኪና ባሌስትራ ነው» አለ። «ብረቱ ደግ ብረት ነው። አቀጣቀጡ ግን እኩል አይደለም። እዚህ ጋ ቀይ ሳለ ተመትቷል፤ እዚህ ጋ ግን በርዶ ነው የተመታ። የሠራው ሰው ወናፍ የሚነፋለት አልነበረውም።»

«ሌላስ?»

«ሁለመናው ውሃ ጠጥቷል። የአደን ካራ አፉ ብቻ ነው ውሃ የሚጠጣ። ብረቱ የበሰለ በርበሬ ሲመስል ታወጣውና አፉን ብቻ ውሃው ውስጥ ትነክረዋለህ፤ ጀርባው በራሱ ጊዜ ይበርዳል። አፉ ይቆርጣል፣ ጀርባው ይችላል። ጀርባውም ከጠጣ አጥንት ሲያገኘው እንደ ብርጭቆ ይሰበራል። አባቴ አንድ የአደን ካራ ሦስት ቀን ይሠራ ነበር። ይህ ለአደን የተሠራ አይደለም። ለሣጥን ነው የተሠራ።»

ሲናገር ሌላ ሰው ሆኖ ነበር፤ ዓይኑ በርቶ፣ አንቱታውንም ረስቶ። በላይነህ ያን ፊት አወቀው። ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሞ ሒሳብ ሲሠራ የነበረው ፊት ነው።

«አንተ ነህ የሠራኸው?»

ፊቱ ተዘጋ። ካራውን መለሰለት። «አገሩ ሁሉ 'እሱ ነው' ብሏል። እኔ ምን ልጨምርበት?»

«አዎ ወይም አይደለም በለኝ።»

«ደምሌ ምንም አላደረገም። ይህን ብቻ ይጻፉልኝ።»

በላይነህ ተነሣ። በሩ ላይ ሲደርስ ዞረ። «ይርዳው፣ ያኔ... ሰባተኛ ክፍል ሳለን...»

«ኢንስፔክተር፣ ብረቱ ሊበርድብኝ ነው» አለ ይርዳው፣ ወናፉን እየያዘ።

*

መሐሪ መካነ ኢየሱስ ከአውቶብስ መናኸሪያው ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ፣ በጋሻና በቀንድ ዋንጫ መሐል ተጋድሞ ተገኘ። ግራ እግሩ እስከ ጉልበቱ በጀሶ ታስሯል።

«ነሐሴ ላይ ባጃጅ ገልብጦኝ ነው» አለ። «ሁለት ጊዜ ተቀድጄ ብረት ገብቶልኛል። ይኸው ወረቀቱ፣ ይኸው ራጁ። ሽንት ቤት ለመሄድ የሰው ትከሻ የምፈልግ ሰው ጎሹ አምባ ሄጄ ልስረቅ?»

በላይነህ ወረቀቱን አየ። እውነት ነው።

«ካራውን ግን ፈልገኸዋል።»

«በጣም! የሰኔውን ፎቶ ላሳይህ?» ስልኩን ከትራሱ ሥር አወጣ። በላይነህም ካራውን ፈታ። መሐሪ ፎቶውን በሁለት ጣቱ እያሰፋ ከካራው ጋር አስተያየው። ስለቱን ሲያይ ከንፈሩን መጠጠ። ወደ እጀታው ሲደርስ ግን ቆመ።

«አንተ! ቆይ! እጀታው እኮ ያው ነው።»

«ምን ማለትህ ነው?»

«ቀንዱ ላይ ያለችውን ስንጥቅ እያት። የብር ቀለበቱ ላይ ያለችውንም ጠባሳ። እዚህም አለች፤ እዚህም አለች። አፎቱም ያው ነው። የተለወጠው ብረቱ ብቻ ነው!» መሐሪ በጣም ከመገረሙ የተነሣ እግሩን ረስቶ ሊነሣ ሞከረና አቃሰተ። «ይህ ምን ዓይነት ሌባ ነው? እኔ ብሆን ብሩንና ቀንዱን ነበር የምወስድ። ዋጋ ያለው እሱ ነው። ብረቱን፣ ያውም የጠቆረውን ብረት፣ ማን ይፈልገዋል?»

በላይነህ ካራውን በጨርቁ ጠቅልሎ ወጣ። መኪናው ውስጥ ገብቶ ነገሩን አገናዘበ። ብሩን ትቶ ብረቱን የሚወስድ ሰው አንድ ብቻ ነው፤ ብረቱ የራሱ የሆነ ሰው። ይርዳው ስለ ብረቱ አልዋሸውም። ብቻውን የሠራ ሰው ነው ብሎታል፤ በላይነህ ግን ብቻውን የሚሠራውን ሰው ዓይኑ እያየ ትቶት ሄደ። ግን ይርዳው ወደዚያ ግቢ ሲገባ አገር ያየዋል። ሣጥኑ ድረስ ማን አደረሰው?

*

ደምሌ በጣቢያው የእስረኞች ክፍል ደጃፍ ፀሐይ ሲሞቅ ነበር።

«ከሰኔ ወዲህ ዕቃ ቤት ማን ገባ?» አለው በላይነህ።

«ትናንት ነገርኩዎ። ከካህናቱ በቀር ማንም አልገባም።»

«ስእለት ያመጣስ?»

«ስእለትማ ያው ይመጣል፤ ደጅ ነው የሚረከቡት። እሜቴ ብቻ ናቸው ገብተው ያስቀመጡ። በመስከረም መጋረጃ አመጡ፣ በጥቅምት ማለቂያ ደግሞ ጥላ።»

«እሜቴ ማን?»

«እሜቴ አሰለፈች ናቸዋ! የግራዝማች ባለቤት።»

«ለምን ትናንት አልነገርከኝም?»

ደምሌ ተገርሞ አየው። «ትናንት የጠየቁኝ ስለ ሌባ ነው! ሣጥኑ የባላቸው፣ ቁልፉ ከራስጌያቸው። ምን ብዬ ስማቸውን ላንሣ?»

«ሲገቡ አብረሃቸው ነበርክ?»

«'ልጸልይ፣ ደጅ ሁን' አሉኝ። ሆንኩ። ሁለቱንም ጊዜ።»

*

እሜቴ አሰለፈች ከቤታቸው ግድግዳ ሥር የበግ ለምድ ላይ ተቀምጠው ነበር። ሰማንያ አምስት ሞልቷቸዋል። እግራቸው ቢደክምም ዓይናቸው አልደከመም።

«የማን ልጅ ነህ?» አሉት ገና ከሩቁ።

«የዓለምጸሐይ ልጅ ነኝ፣ እሜቴ። በላይነህ።»

«የዓለምጸሐይ! ያቺ እንደ ሸረሪት የምትፈትል! ለልጄ ለሠርጉ የለበስኩትን ቀሚስ እሷ ናት የፈተለችልኝ። አሁን እንደሷ የሚፈትል የለም፤ ሁሉም ከሱቅ ነው። ቅረብ፣ ጉንጭህን ስጠኝ።» ሳሙት። እጃቸው አመድ አመድ፣ ቅቤ ቅቤ ይሸታል፤ የእናቱ ሽታ ነው። በላይነህ የመጣበትን ነገር ለማንሣት ጨነቀው።

አሮጊቷ ቀደሙት። «ደምሌን አሰራችሁት አሉ።»

«አዎ፣ እሜቴ።»

«የይርዳውን ቤት ደግሞ ወገሩት።»

«አዎ።»

«ያን አላሰብኩም» አሉ። ነጠላቸውን ወደ አገጫቸው ሳቡ። «መሪጌታ ዓይናቸው ደክሟል፣ አያውቁትም፣ እኔም እስከዚያ እሞታለሁ ብዬ ነበር። አልሞትኩም። እሳቸውም አወቁት።»

«ካራውን እርስዎ ነዎት የወሰዱት?»

«ሰረቅሽ ትለኛለህ? የሰረቅነውን ነው የመለስኩት።»

በላይነህ አጠገባቸው መሬቱ ላይ ተቀመጠ። አሮጊቷ ሳይቸኩሉ ነገሩት።

«ነብሩ በዚያ ዓመት ሦስት ሰው በልቶ ነበር። ግራዝማች ሊገድሉት ወደ በሸሎ ሲወርዱ ስንቅ የሚሸከምላቸው ብርሃኔን ይዘው ወረዱ፤ የይርዳውን አባት። ጠመንጃው የግራዝማች ነው፤ ካራው ግን የብርሃኔ ነው። ለራሱ ቀጥቅጦ የሠራው፣ ከወገቡ የማይለየው ካራ። ግራዝማች ተኩሰው ሳቱ። ነብሩ ደረታቸው ላይ ሲወጣ ብርሃኔ ስንቁን ጥሎ ተናነቀው። በካራው ገደለው። ነብሩ ትከሻውን ቦጫጨቀው፤ እሱ ግን ገደለው። ይህን ግራዝማች በዚያው ሌሊት እያለቀሱ ነግረውኛል።»

«ታዲያ ፉከራው?»

«በማግስቱ አገሩ በእልልታ ሊቀበላቸው ወጣ። ግራዝማች በቅሎ ላይ ናቸው፣ ቆዳው ኮርቻው ላይ ነው። አንዱ ተነሣና በግራዝማች ስም ፎከረ። ግራዝማች ዝም አሉ። በዚያች ቀን ዝም ያለ ሰው በሁለተኛው ቀን ምን ብሎ ይናገራል? ብርሃኔ ትከሻውን በጨርቅ ጠምጥሞ የበቅሎውን ልጓም ይዞ ቆሟል። እሱም ዝም አለ። ቢናገርስ? 'ቡዳ ነብር ገደለ' ብሎ ማን ይፎክርለታል? ካራውም የግራዝማች ተባለና በዚያው ቀረ።»

ከግቢው ጥግ ሰው ቆሞ ነበር። ይበልጣል ከአውድማ እንደመጣ መንሹን ይዞ፣ ጠጉሩ ላይ እብቅ እንዳለ፣ ሁሉንም ሰምቷል።

«እማ፣ ይህን ማን ነው ያስጠናሽ?»

«ማንም አላስጠናኝ። ዘንድሮ ለንስሐ አባቴ ተናገርኩት። 'የሰው ገንዘብ ይዘሽ አትሙቺ' አሉኝ። ይርዳውን አስጠርቼ፣ 'የአባትህን ብረት ውሰድ፤ በቦታው ሌላ ሠርተህ ተካልኝ፤ እኔ እስክሞት አፍህን ያዝ' አልኩት። በሚካኤል አስማልኩት። በመስከረም ካራውን በነጠላዬ ሸፍኜ አወጣሁት፣ በጥቅምት በጥላው ጠቅልዬ መለስኩት።»

«አባቴን በመቃብሩ አዋረድሽው!»

«ፈርቼህ ነው በድብቅ ያደረግሁት» አሉ አሮጊቷ። «አባትህም እንዳንተ ያለውን ሰው ነበር የሚፈሩ።»

በላይነህ ቀስ ብሎ ጠየቀ። «እጀታውንና አፎቱን ለምን አስቀሩት?»

«ብሩ የእኛ ነው፤ ብረቱ የእነሱ ነው። የእኔን ከልክዬ የእነሱን ብቻ መለስኩ። እዚያ ብረት ላይ ደግሞ እጀታው ውስጥ በሚገባው ጅራቱ ጽሕፈት አለ። ግራዝማች እጀታውን በብር ሊያስለብጡ ጎንደር በወሰዱት ጊዜ ያስቀረጹት ነው። በውጭ አልደፈሩም። በውስጥ አስጻፉ። ካላመንክ ሂድና አንብበው፣ ይበልጣል። የአባትህ ስም ነው ያለበት።»

*

ወንዙን ተሻግረው ሲደርሱ ይርዳው ደጁን ይጠርግ ነበር። ይበልጣልን ሲያይ መጥረጊያውን አልጣለም።

«እሜቴ ተናግረዋል» አለው በላይነህ። «መሐላህ ወርዶልሃል።»

ይርዳው ሁለቱንም ተራ በተራ አያቸው። ከዚያ ገባና በአሮጌ ሸማ የተጠቀለለ ነገር ይዞ ወጣ። ስለቱ ጥቁር ነው፤ ጫፉ አጠገብ ያለችው ሽራፊም ጥቁር ናት። ይበልጣል ተቀበለው። ወደ ፀሐይ ዞሮ ጅራቱ ላይ ያሉትን ደቃቃ ፊደላት እንደ ተማሪ በጣቱ እየተከተለ፣ ድምፁን አውጥቶ አነበበ።

«'ነብሩን የገደለ ብርሃኔ ነው። እኔ አስናቀ።'»

ሁለተኛ ጊዜ አላነበበውም። ካራውን ለይርዳው መልሶ፣ ጀርባውን ሰጥቷቸው፣ ወደ ወንዙ ወረደ።

«ከደምሌ መታሰር በኋላ ምን ልታደርግ ነበር?» አለ በላይነህ።

«ነገ ከቅዳሴ በፊት እመጣ ነበር። 'እኔ ሰርቄ ነው' ልል። እሳቸውን አላነሣም።»

«ትታሰር እኮ ነበር።»

«አባቴ ትከሻው ላይ ሦስት ጠባሳ ነበረው» አለ ይርዳው። «ልጆች ሆነን 'ምንድን ነው?' ስንለው 'እሳት ነው' ይለን ነበር። ሲሞት እንኳ 'እሳት ነው' እንዳለ ሞተ። ይህን ጅራት እጀታውን አውልቄ ያነበብኩ ቀን፣ ምድጃው ሥር ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ከዚያ በኋላ እስር ምኔ ነው?»

በላይነህ ከብዙ ዓመት በፊት ሊለው የሚገባውን ያኔ አለው። «ከወንበሩ የተነሣሁት ፈርቼ ነው፣ ይርዳው። አንተን አልነበረም የፈራሁት፤ እነሱን ነው። አሳፍሮኝ ኖሯል።»

ይርዳው ካራውን መልሶ በሸማው ጠቀለለ። «ዓርብ ድረስ ትመለሳለህ ብዬ ጠብቄህ ነበር» አለ።

*

የኅዳር ሚካኤል ዕለት ታቦቱ ከገባ በኋላ ሕዝቡ ካራውን ሊያይ ተሰበሰበ። እሜቴ አሰለፈች በበቅሎ መጥተው፣ ሁለት ሴቶች ደግፈዋቸው፣ ዕቃ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆሙ። ለበላይነህ የነገሩትን ሁሉ ለሕዝቡ ነገሩ። ድምፃቸው ቀጭን ስለነበረ ከኋላ ያሉት «ምን አሉ? ምን አሉ?» ይባባሉ ነበር። አንድ ሽማግሌ «አረጁ፤ ይቃዣሉ» ብሎ ወጥቶ ሄደ። ሌሎችም ተከተሉት። የቀሩት ግን ብዙ ነበሩ።

«ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠ ስእለት ይመለሳል ወይ?» ብሎ አንዱ ከመሐል ጮኸ።

መሪጌታ ፍሥሐ መቋሚያቸውን መሬት ላይ ተከሉ። «ሰው የራሱ ያልሆነውን አይሳልም። የሚሰጠውም የሚከለክለውም የብርሃኔ ልጅ ነው። ይርዳው፣ ምን ትላለህ?»

ይርዳው ከቅጥሩ በር አጠገብ፣ ሁልጊዜ ከሚቆምበት ቦታ፣ ነበር። መንገድ ተከፈተለት፤ እሱ ግን አልገባም።

«አባቴ ሊሰጠው ይወድ እንደነበር አላውቅም» አለ። «ማንም አልጠየቀውም። እኔም ስለ እሱ ሆኜ አልሰጥም። ወደ ቤት ይዤው እሄዳለሁ።»

ጉምጉምታ ተነሣ። የከለከለው ግን አልነበረም።

ደምሌ ያን ዕለት ተፈታ። በላይነህ መዝገቡ ላይ «የተፈጸመ ስርቆት የለም» ብሎ ጽፎ ፈረመ፤ ከሥሩ ስለ ብርሃኔ ሙሉ ገጽ ተኩል ጨመረ። አለቃው «ይህ ለምርመራው ምን ይጠቅማል?» እንደሚለው ያውቃል። ቢሆንም አልሰረዘውም።

ይበልጣል በዓሉ ላይ አልነበረም። በሳምንቱ ከሊቀ መንበርነቱ መውረዱን በደብዳቤ አሳወቀ፤ ምክንያት አልጻፈም።

*

ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ መሪጌታ ፍሥሐ ስልክ ደወሉ። እሜቴ አሰለፈች ማለዳ ማረፋቸውን ተናገሩ። በላይነህ ከወንበሩ ተነሥቶ ወደ መስኮቱ ሄደ። አሮጊቷ ጉንጩን የሳሙበት ቦታ ላይ እጁን አሳረፈ።

«ሌላም የምነግርህ አለኝ» አሉ መሪጌታ። «ይበልጣል ጥሩምባ ሳያስነፋ፣ ለዘመድ ሳይልክ፣ ብቻውን ወንዙን ተሻገረ። ከይርዳው ቤት ደጅ ቆሞ ባርኔጣውን አወለቀ።»

«ምን አለው?»

«'እናቴ አርፋለች። ቃሬዛውን የሚሸከም አራተኛ ሰው ጎድሎኛል' አለው። ሁለት መቶ ወንድ ባለበት መንደር!» መሪጌታ ይሳቁ ያልቅሱ ድምፃቸው አያስታውቅም ነበር።

«ይርዳውስ?»

«መዶሻውን አስቀመጠና፣ 'እሳቱን ላጥፋና መጣሁ' አለው።»